ቀን የሰጠው ቅል፤ ስለ ማንቸስተር ከተማ የእግር ኳስ ደጋፊዎች ቂምና ሙግት

ጎረቤት ሲከብር በሰው ልብ የሚያድረው ስሜት በየአገሩ አንድ ነው፤ የሚነገርበት ቃል ግን ይለያያል። በአማርኛ «ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚል ተረት አለ። ይህን ተረት የሚናገር ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ምስክርነት ይሰጣል። አንደኛ፤ ቅሉ ድንጋዩን መስበሩን ያምናል፤ ዐይኑ ያየውን አይክድም። ሁለተኛ፤ የሰበረው ቀን ስለ ሰጠው ነው እንጂ በቅልነቱ አይደለም ይላል። እንግዲህ ተረቱ ድልን አምኖ ክብርን ይከለክላል። በጎረቤት ሀብት ላይ የሚነሣ ሙግት ሁሉ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ይመስለናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ በሁለቱ የእግር ኳስ ክለቦች፤ ማለት በማንቸስተር ዩናይትድና በማንቸስተር ሲቲ ደጋፊዎች መካከል ይህ ዐይነቱ ሙግት እንዴት እንደ ኖረ መመርመር ነው። የኳስ ነገር ለሕዝብ ልማድ ጥናት የማይበቃ ቀላል ጨዋታ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፤ ቅዳሜና እሑድ በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት» ከሚባሉት አዳራሾች ደጃፍ ጥቂት ቆሞ ያድምጥ። ማንቸስተርን በካርታ እንኳ ያላዩ ወጣቶች፤ አንዱ የሌላውን ዋንጫ በነዳጅ ገንዘብ የተገዛ ነው ሲለው፤ ያኛውም የዚህን ክብር የትናንት ተረት ነው እያለ ሲመልስ ይሰማል። ክርክሩ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል፤ ታሪኩ ግን አብሮት አልመጣም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ እንለምናለን።

፩. የሁለቱ ክለቦች አመጣጥ

ማንቸስተር በ19ኛው መቶ ዓመት በጥጥ ፋብሪካ የከበረች ከተማ ነበረች። ከገጠርና ከአየርላንድ ሥራ ፍለጋ የጎረፈው ሕዝብ ግን በጢስ በጠቆሩ ጠባብ ሰፈሮች ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ሁለቱም ክለቦች የተወለዱት ከዚሁ ሕዝብ ነው። በ1878 ዓ.ም. በኒውተን ሂዝ ሰፈር የላንካሻየርና ዮርክሻየር ምድር ባቡር የፉርጎ ሠራተኞች አንድ ቡድን አቋቋሙ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በዌስት ጎርተን ሰፈር የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሌላ ቡድን አቆሙ። የደብሩ አለቃ ልጅ አና ኮኔል የሰፈሩን ወንዶች ከመጠጥና ከጠብ የሚያርቅ ነገር ትፈልግ እንደ ነበር፤ ኳሱም ከዚህ አሳብ እንደ መጣ ይነገራል።

ሁለቱ ቡድኖች ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በኖቬምበር 12 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ኒውተን ሂዝ 3 ለ 0 አሸነፈ። የባቡር ሠራተኞቹ ቡድን በ1902 ዓ.ም. ማንቸስተር ዩናይትድ ተባለ። የደብሩም ቡድን መጀመሪያ አርድዊክ፤ ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮም ማንቸስተር ሲቲ ተብሎ ተሰየመ። አንዱ የሠራተኛ ልጅ፤ ሌላው የደብር ልጅ ነው። ከሁለቱ ባለጸጋ ተብሎ የተወለደ አልነበረም።

፪. አስቀድሞ በገንዘብ የቆመው ማን ነው

ዛሬ የዩናይትድ ደጋፊ ጎረቤቱን «የተገዛ ክብር» እያለ ሲነቅፍ የሚሰማ ሰው፤ ዩናይትድ ከጥንት ጀምሮ በራሱ ላብ ብቻ የቆመ ይመስለዋል። የታሪኩ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ኒውተን ሂዝ ከ2,600 ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበትና ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው ደርሶ ነበር። ያዳነው ጆን ሄንሪ ዴቪስ የሚባል ቢራ ጠማቂ ባለጸጋ ነው። የቡድኑ አምበል ሃሪ ስታፎርድ አንድ ውሻ ነበረው፤ ውሻው ጠፍቶ ዴቪስ እጅ ገባ፤ በዚህም ሁለቱ ተዋወቁ የሚል ወግ እስከ ዛሬ ይተረካል። ወጉ እውነትም ይሁን ጌጥ፤ ገንዘቡ ግን እውነት ነበር። ስሙም፤ የልብሱም ቀለም በዚያው ዓመት ተለወጠ።

በዚያን ዘመን የከተማው ታላቅ ክለብ ሲቲ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ቦልተንን 1 ለ 0 አሸንፎ የእንግሊዝን ዋንጫ ሲወስድ፤ ጎሉን ያገባው ቢሊ ሜረዲዝ የሚባል የዌልስ ተወላጅ ነው። ለማንቸስተር ከተማ የመጀመሪያው ታላቅ ዋንጫ ይህ ነው። ነገር ግን በ1905 ዓ.ም. ሜረዲዝ ለአንድ የባላጋራ ቡድን ተጫዋች ጉቦ ሰጥቷል ተብሎ ታገደ። ክለቡ ሊረዳው ስላልፈቀደ፤ ሲቲ ለተጫዋቾች በሕግ ከተወሰነው ከሳምንት 4 ፓውንድ በላይ በስውር ይከፍል እንደ ነበር ገልጦ ተናገረ። በ1906 ዓ.ም. የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር 17 ተጫዋቾችን አገደ፤ ዳግመኛም ለሲቲ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ከእነዚህ መካከል ሜረዲዝ፤ ተርንቡል፤ በርጀስና ባኒስተር ወደ ዩናይትድ ተሻገሩ።

ፍሬው ወዲያው ታየ። ዩናይትድ በ1908 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ አሸናፊ ሆነ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ዋንጫውን ወሰደ፤ ለፍጻሜው ድል ያበቃችውን ብቸኛ ጎል ያገባው ከሲቲ የመጣው ተርንቡል ነው። በ1910 ዓ.ም. በዴቪስ ገንዘብ 60,000 ፓውንድ ያህል ወጥቶበት የኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ተከፈተ። እንግዲህ አንድ የሲቲ ደጋፊ በዚያ ቀን ቆሞ ቢመለከት፤ የእርሱ ተጫዋቾች በጎረቤቱ ልብስ፤ በቢራ ጠማቂ ገንዘብ በተሠራ አዲስ ሜዳ ሲጫወቱ ባየ ነበር። ከዚህ የበለጠ የመቈጨት ምክንያት የለም። ኋላም በ1931 ዓ.ም. መጨረሻ ዩናይትድ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚከፍለው አጥቶ ሳለ፤ ጄምስ ጊብሰን የተባለ ነጋዴ በገዛ ገንዘቡ አዳነው። ይህን ሁሉ ዛሬ የሚጠቅስ የዩናይትድ ደጋፊ ጥቂት ነው። ገንዘቡ ስለ ቆየ፤ «ቅርስ» የሚል ስም አግኝቷል።

፫. በአንድ ሜዳ ሁለት ባለቤት

ይሁን እንጂ የሁለቱ ክለቦች ጉርብትና ሁልጊዜ የጠብ አልነበረም። በ1941 ዓ.ም. ማርች ወር የጀርመን አውሮፕላኖች ኦልድ ትራፎርድን በቦምብ ሲያፈርሱ፤ ዩናይትድ እስከ 1949 ዓ.ም. ድረስ በሲቲ ሜዳ በሜይን ሮድ በኪራይ ይጫወት ነበር። በጃንዋሪ 17 ቀን 1948 ዓ.ም. ዩናይትድ ከአርሰናል ጋር በዚሁ በጎረቤቱ ሜዳ ሲጫወት 83,260 ሰው ተመለከተ፤ በእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ ከፍተኛው የተመልካች ቁጥር ይህ ነው። ዩናይትድን በዚያን ጊዜ ያሠለጥኑ የነበሩት ማት በዝቢም በጐልማሳነታቸው የሲቲ ተጫዋች ነበሩ፤ በ1934 ዓ.ም. ከሲቲ ጋር ዋንጫ ወስደዋል። በዚያ ዘመን አንዱን ሳምንት ዩናይትድን፤ አንዱን ሳምንት ሲቲን ሄዶ የሚመለከት ሰው ብዙ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 ዓ.ም. የዩናይትድን ተጫዋቾች የያዘ አውሮፕላን በሙኒክ ተከስክሶ 23 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ 8ቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ከጋዜጠኞቹም መካከል ፍራንክ ስዊፍት አብሮ ሞተ፤ እርሱ ቀድሞ የሲቲ ስመ ጥር ግብ ጠባቂ የነበረ ነው። ስለዚህ የሙኒክ ሐዘን የሁለቱም ቤት ሐዘን ነበር።

ኋላ ግን የስታዲየሙ ቋንቋ እየከረረ ሄደ። ከሲቲ ደጋፊዎች መካከል በሙኒክ ሟቾች ላይ የሚሳለቁ ተነሡ። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2008 ዓ.ም. የአደጋው 50ኛ ዓመት ሲታሰብ፤ ጨዋታው በኦልድ ትራፎርድ ከሲቲ ጋር በመሆኑ ብዙ ሰው ፈራ፤ የኅሊናው ጸሎት በጩኸት ይረከሳል ተብሎ ተጠረጠረ። ደቂቃው ሲደርስ ግን ሜዳው ሁሉ ጸጥ አለ፤ የሲቲም ደጋፊዎች ጸጥ አሉ። ከዚያም ጨዋታው ተጀምሮ ሲቲ 2 ለ 1 አሸነፈ። በኦልድ ትራፎርድ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያ ድል ነበር። ከ7 ወር በኋላ የሁለቱን ጎረቤቶች ሚዛን የሚለውጥ ነገር ይመጣ ዘንድ ነበረው።

፬. ሠላሳ አምስት ዓመት

ይህ ለውጥ ለምን እንዳስቈጣ ለመረዳት፤ ከእርሱ በፊት የነበረውን ዘመን ማወቅ ይገባል። በ1968 ዓ.ም. ሲቲ የሊጉ አሸናፊ ሲሆን፤ በዚያው ወር ዩናይትድ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። በኤፕሪል 27 ቀን 1974 ዓ.ም. ደግሞ ዩናይትድ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን በወረደበት ቀን፤ የቀድሞ ጀግናው ዴኒስ ሎው የሲቲን ልብስ ለብሶ በተረከዙ ጎል አገባበት። ውጤቱ ቢለወጥም ዩናይትድ ከመውረድ አይድንም ነበር፤ ሎው ግን አልተደሰተም፤ አንገቱን ደፍቶ ከሜዳ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ጎረቤቶች ተቀራራቢ ነበሩ።

ሲቲ በ1976 ዓ.ም. የሊግ ካፕን ከወሰደ በኋላ ግን ዋንጫ ራቀው። በአንጻሩ ዩናይትድ በ1991 ዓ.ም. አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። በ1992 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲቋቋምና የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲጐርፍ፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀመው እርሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. ለአንድ ተከላካይ ለሪዮ ፈርዲናንድ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሲከፍል፤ ሌሎች ክለቦች ሻምፒዮንነትን በገንዘብ ይገዛል ብለው ያጕረመርሙበት ነበር።

ሲቲ በ1998 ዓ.ም. ወደ ሦስተኛው ደረጃ ወረደ። በሜይ 26 ቀን 1999 ዓ.ም. ዩናይትድ በባርሴሎና የአውሮፓን ዋንጫ ወስዶ ሦስተኛ ድሉን ሲፈጽም፤ ሲቲ ከ4 ቀን በኋላ ከጊሊንግሃም ጋር ከሦስተኛው ደረጃ ለመውጣት ይታገል ነበር። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል 2 ለ 0 ይመራ የነበረው ጊሊንግሃም ነው፤ ሲቲ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አቻ ሆኖ በመለያ ምት አሸነፈ። በዚያ በውርደቱ ዓመት እንኳ በአማካይ ከ28,000 በላይ ሰው ወደ ሜይን ሮድ ይመጣ ነበር።

ከዚህ መከራ አንድ ጠባይ ተወለደ። የሲቲ ደጋፊ በራሱ መሳቅን ተማረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአየር የተነፋ የሙዝ ቅርጽ ይዞ ወደ ስታዲየም መምጣት ልማዱ ሆነ። አሠልጣኙ ጆ ሮይልም ክለቡ ድልን በእጁ ይዞ የመጣል በሽታ አለበት ሲሉ፤ ለበሽታው «ሲቲአይቲስ» የሚል ስም አወጡለት። ታማኝነት ማለት ያለ ዋንጫ መጽናት ነው የሚል እምነት ሥር ሰደደ። ዩናይትድ ገንዘብ አለው፤ እኛ ግን ነፍስ አለን የሚል ነው። ሲቲዎች ኦልድ ትራፎርድ ከማንቸስተር አስተዳደር ወሰን ውጭ በስትሬትፎርድ መሆኑን እየጠቀሱ፤ የከተማዪቱ እውነተኛ ልጆች እኛ ነን ይሉ ነበር። ለተሸናፊ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ዋንጫ የሌለው ሰው የትውልድ ሐረግ ይቈጥራል።

ዩናይትዶች በበኩላቸው በኦልድ ትራፎርድ ስትሬትፎርድ ኤንድ በሚባለው ወገን አንድ ሰፊ ጨርቅ ሰቀሉ፤ ሲቲ ያለ ዋንጫ የቈየበት ዓመት ተጽፎበት በየዓመቱ ቁጥሩ ይለወጥ ነበር። ጨርቁ የቂም የቀን መቍጠሪያ ነበር ማለት ይቻላል።

፭. ቀን ሲሰጥ

በሴፕቴምበር 1 ቀን 2008 ዓ.ም. የአቡዳቢ ገዢ ቤተ ሰብ አባል የሆኑት ሼክ መንሱር ክለቡን ሊገዙ መስማማታቸው ተነገረ። በዚያው ቀን ሲቲ ብራዚላዊውን ሮቢንሆን በ32.5 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረመ፤ በእንግሊዝ አገር እስከዚያ ያልተከፈለ ዋጋ ነበር። ማታ በድኽነት የተኛ ጠዋት በባለጸግነት ነቃ።

በ2009 ዓ.ም. የዩናይትድ ተጫዋች የነበረው ካርሎስ ቴቬዝ ወደ ሲቲ ሲሻገር፤ በዲንስጌት መንገድ «እንኳን ወደ ማንቸስተር በደኅና መጣህ» የሚል ሰማያዊ ማስታወቂያ ተሰቀለ። የከተማዪቱ ልጆች እኛ ነን የሚለው የድኻ ሙግት አሁን በባለጸጋ ገንዘብ መታተሙ ነው። የዩናይትዱ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ሲቲን አሳቡ ትንሽ የሆነ ትንሽ ክለብ ነው አሉ፤ በዚያው ዓመትም ጯሂ ጎረቤት ብለው ሰየሙት። ይህ ስም ልብ ሊባል ይገባዋል። ጯሂ ጎረቤት የሚባለው ቀድሞም እዚያው የነበረ ሰው ነው፤ የተለወጠው ድምፁ መሰማቱ ብቻ ነው።

በሜይ 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ዩናይትድ 19ኛ የሊግ ድሉን ባረጋገጠበት በዚያው ዕለት፤ ሲቲ ስቶክን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፤ በስትሬትፎርድ ኤንድ የተሰቀለው ጨርቅም 35 ከሚለው ቁጥር ላይ ቆሞ ወረደ። በኦክቶበር 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲቲ በኦልድ ትራፎርድ 6 ለ 1 አሸነፈ። በሜይ 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ዩናይትድ በሰንደርላንድ ጨዋታውን አሸንፎ ሲጠብቅ፤ ሲቲ በ90ኛው ደቂቃ በኪው.ፒ.አር. 2 ለ 1 ይመራ ነበር። በጭማሪው ሰዓት ዤኮ፤ ቀጥሎም አጉዌሮ አገቡ። ሁለቱ ክለቦች እኩል 89 ነጥብ ነበራቸውና ሲቲ በጎል ብልጫ ብቻ ሻምፒዮን ሆነ። ለ44 ዓመት የጠበቀ ሰው ያለቀሰው በዚያ ቀን ነው፤ ለእርሱ ዕንባው በገንዘብ የተገዛ አልነበረም።

፮. ሙግቱና መልሱ

የዩናይትዶች ክስ ባጭሩ እንዲህ ነው። የእኛ ሀብት ከድላችንና ከደጋፊያችን ብዛት የመጣ ነው፤ የእናንተ ግን ከውጭ የፈሰሰ ነው፤ ክለባችሁ በ2010–11 የጨዋታ ዘመን ብቻ ከ190 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከስሮ ሳለ አልፈረሰም፤ ከኋላችሁ የአንድ አገር መንግሥት ሀብት ቆሟል፤ ያም አገር በሰው መብት የሚነቀፍበትን ስም በኳስ ያጥባል። የሲቲዎች መልስ ደግሞ፤ ዴቪስና ጊብሰን ከውጭ የመጡ አልነበሩምን፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም ከ2008 ዓ.ም. በኋላ ወጪን በገቢ የሚወስን ሕግ ያወጣው ቀድሞ የከበሩት እንደ ከበሩ እንዲኖሩ ነው የሚል ነው። ስለዚህ የሲቲ ደጋፊዎች በሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ መክፈቻ መዝሙሩ ሲሰማ በጩኸት መቃወምን ልማድ አደረጉ።

ክሱ ከደጋፊዎች አፍ ወደ ዳኞች ችሎት ደርሷል። በ2020 ዓ.ም. የአውሮፓው ማኅበር ሲቲን ለ2 ዓመት ከውድድሩ አግዶ 30 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ በዚያው ዓመት የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት እገዳውን ሽሮ ቅጣቱን ወደ 10 ሚሊዮን ዝቅ አደረገው። በፌብሩዋሪ 2023 ዓ.ም. ደግሞ ፕሪሚየር ሊጉ ከ100 በላይ የሕግ መተላለፍ ክስ አቀረበ፤ ክለቡም ካደ። በዚያው ዓመት ሲቲ ሊጉን፤ ዩናይትድን 2 ለ 1 አሸንፎ የእንግሊዝን ዋንጫ፤ በኢስታንቡልም የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። በ1999 ዓ.ም. የዩናይትድ ብቻ የነበረው የሦስት ድል ክብር የሁለቱም ሆነ። ስውር ክፍያ ተደርጓል የሚለው ክስም በ1906 ዓ.ም. በዚሁ ክለብ ላይ የተሰማ ነው፤ የዛሬው ክስ እውነት ይሁን ሐሰት መፍረድ ግን የዳኞች እንጂ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም።

ሆኖም ሁሉንም ቅናት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በ2005 ዓ.ም. የአሜሪካው የግሌዘር ቤተ ሰብ ዩናይትድን ሲገዛ፤ ለግዢው የተበደረውን ገንዘብ በብዛት በክለቡ ትከሻ ላይ ጫነው። የተቈጡ ደጋፊዎች ተለይተው «ኤፍ.ሲ. ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር» የሚባል የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በኦልድ ትራፎርድ ብዙ ሺህ ሰው ቀዩን ትቶ የጥንቱን የኒውተን ሂዝ አረንጓዴና ወርቃማ ቀለም በአንገቱ ጠምጥሞ ታየ። ይህ ልብስ ከዴቪስ ገንዘብ በፊት የነበረ የባቡር ሠራተኞች ልብስ ነው። ጎረቤቱን በሀብት የሚከስ ሰው በዚያው ሰዓት የራሱን ባለጸጋ ይከስ ነበር። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ፤ የሚያርረው ድስት በገዛ ቤቱ ነበረ።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው እንደሚከተለው ነው። በማንቸስተር አንድ ሀብት «የተገዛ ክብር» የሚባለው ሲመጣ ያየው ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። የዴቪስን ቢራ የቀመሰ ምስክር ሲያልቅ፤ ኦልድ ትራፎርድ የገንዘብ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የአባቶች ርስት ሆነ። የሲቲም ነገር በዚሁ መንገድ ይሄድ ይሆናል፤ ዛሬ 15 ዓመት የሆነው ልጅ ክለቡን ያለ ድል አያውቀውም፤ በ2024 ዓ.ም. ለ4ኛ ተከታታይ ጊዜ ሊጉን ሲወስድ አይቷል። ዩናይትድ ግን ከ2013 ዓ.ም. በኋላ እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ ሊጉን ስላልወሰደ፤ የቀድሞ ዋንጫውን መቍጠርና እኛ ነፍስ አለን ማለት ጀምሯል። ሁለቱ ጎረቤቶች ሜዳ ብቻ ሳይሆን ንግግር ተለዋውጠዋል።

በዚህ ልውውጥ የጠፋም ነገር አለ። የሲቲ ደጋፊ በራሱ የሚስቅበት ሙዝ ዛሬ የትዝታ ዕቃ ነው፤ የሚያሸንፍ ሰው በራሱ ቢስቅ ትሕትና አይባልለትም። ዩናይትድም ጎረቤቱን የመናቅ ምቾት ጠፍቶበታል። ሁለቱም ደጋፊዎች ክለባቸው ለማን እንደሚሸጥ፤ በስንት እንደሚሸጥ የሚጠይቃቸው የለም። እርስ በርስ የሚሰዳደቡበት ገንዘብ የሁለቱም አይደለም፤ አንዱ በአቡዳቢ፤ ሌላው በአሜሪካ ነው።

ስለዚህ የቅሉን ተረት የሚጠቅስ ሰው፤ በእንግሊዝ አገርም ይሁን በአዲስ አበባ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት ደጃፍ፤ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ የእኔስ ቅል ድንጋይ የሰበረበትን ቀን የሰጠው ማን ነበር? ይህን የጠየቀ ደጋፊ ክለቡን መውደዱን አይተውም፤ ጎረቤቱን ሲነቅፍ ግን ድምፁን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል። በ2008 ዓ.ም. በኦልድ ትራፎርድ ለአንድ ደቂቃ ጸጥ ያለው ሕዝብ፤ ከቂሙ በታች የጋራ መቃብር እንዳለ ያስታወሰ ሕዝብ ነበር።